የባዶ አልጋ ሒሳብ

ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄዶ የታከመ ሰው ዛሬ በየሰፈሩ አለ። የሜዲካል ቦርዱን ወረቀት፣ የዶላር ፍለጋውን፣ ለአስታማሚ የሚቆረጠውን ሁለተኛ ቲኬት፣ በቴሌግራም የሚዞረውን «ወገኖቼ እርዱኝ» የሚል የባንክ ሒሳብ ቁጥር በታካሚው በኩል ሆነን በደንብ እናውቃለን። ዛሬ ግን ወንበራችንን አዙረን ሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ውስጥ እንቀመጥ። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ ሆስፒታል ባሕር ተሻግሮ የሚመጣን ሕመምተኛ ይህን ያህል የሚፈልገው ለምንድን ነው? «ብዙ ስለሚከፍል ነዋ!» የሚለው መልስ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። ትክክል ነው፤ ግን የመልሱ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁን ለማግኘት አንድ በአንድ መሄድ አለብን። እርሳስና ወረቀት ቢኖራችሁ አይከፋም።

ከወጪው እንጀምር። አንድ ትልቅ የግል ሆስፒታል ገና አንድ ሕመምተኛ ሳይገባበት ወጪው መቁጠር ይጀምራል። የሌሊት ተረኛ ነርሶች ደመወዝ አለ። ሕንጻው የተሠራበት ብድር ወለዱ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም። ኤም አር አይ ማሽንን ብቻ ብንወስድ፣ ሕመምተኛ ኖረም አልኖረም ማግኔቱ ሌትና ቀን አይጠፋም፤ በፈሳሽ ሂሊየም እንደቀዘቀዘ ያድራል። እንዲህ ያለውን የሒሳብ ሰዎች ቋሚ ወጪ ይሉታል። ከሕመምተኛው ጋር አብሮ የሚመጣ ወጪ ደግሞ አለ፦ ጓንት፣ የስፌት ክር፣ መድኃኒት፣ ምግብ፣ የቀዶ ሐኪሙ ድርሻ። ይኼኛው ተለዋዋጭ ወጪ ነው። ሱቅ አብዛኛው ወጪው ዕቃው ነው፤ ዛሬ ያልተሸጠ ሳሙና ነገ ይሸጣል። የሆስፒታል ብዙው ወጪ ግን ቋሚው ነው፤ ዛሬ ሌሊት ባዶ ያደረ አልጋ ነገ አይሸጥም።

ከመገናኛ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ስድስት ሰው ቢጭንም አሥራ ሁለት ቢጭንም የነዳጁ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። ወያላው «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ነዳጁንና የመኪናውን ባለቤት ይከፍላሉ፤ የመጨረሻዎቹ የከፈሉት ኪስ ይገባል። የሆስፒታል አልጋም እንዲሁ ነው።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። ሆስፒታሉ ለትምህርት እንዲመች እኔ የፈጠርኩት ነው፤ ቁጥሮቹንም ለመደመር እንዲቀሉ አድርጌ መርጫቸዋለሁ። 200 አልጋ አለው። በ30 ቀን ወር ውስጥ የሚሸጠው 6,000 የአልጋ ቀን ማለት ነው። ቋሚ ወጪው በወር 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአገሩ ሰው 120 አልጋ ይሞላለታል፤ ይህም 3,600 የአልጋ ቀን ይሆናል። አንዱ ታካሚ በቀን በአማካይ 900 ዶላር ይከፍላል፤ ከዚያ ላይ 200 ዶላሩ ለመድኃኒቱና ለጓንቱ ይሄዳል። የሚተርፈው 700 ነው። 700ን በ3,600 አባዙት፦ 2,520,000 ዶላር። ቋሚ ወጪው 3 ሚሊዮን ነበር። ሆስፒታሉ በየወሩ 480,000 ዶላር ይከስራል።

ልብ በሉ፤ ከአልጋው ስድስት እጅ ከአሥር ሞልቶ ነው የሚከስረው። ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ፣ ካፊቴሪያው ይሠራል፣ መኪና ማቆሚያው ሞልቷል። ውጭ የቆመ ሰው «ይሄ ሆስፒታል ገንዘብ ያፍሳል» ይላል።

አሁን 30 አልጋ በውጭ ሕመምተኞች እንሙላ። 900 የአልጋ ቀን ይሆናል። እነዚህ በቀን በአማካይ 1,500 ዶላር ይከፍላሉ እንበል። ወጪያቸውም ከፍ ይላል፤ አስተርጓሚ አለ፣ ከአየር ማረፊያ የሚቀበል መኪና አለ፣ ሕመምተኛውን ላመጣው ደላላ የሚከፈል ኮሚሽን አለ። 400 እናድርገው። የሚተርፈው 1,100 ሲሆን በ900 ሲባዛ 990,000 ዶላር ይሆናል። የ480,000ው ኪሳራ ተሸፍኖ 510,000 ዶላር ትርፍ ተረፈ። 30 አልጋ ኪሳራውን ወደ ትርፍ ለወጠው፤ አንድ ጡብ ሳይጨመር፣ አንድ ማሽን ሳይገዛ።

የውጭ ሕመምተኞቹ ከተኙት ሰዎች አንድ አምስተኛ ናቸው። ከገቢው የያዙት 29 በመቶ ገደማ ነው። ከትርፉ ግን ሁሉንም ይዘዋል። ሆስፒታሎች በዓመታዊ ሪፖርታቸው ላይ «ከውጭ ታካሚ ያገኘነው ገቢ ይህን ያህል በመቶ ነው» ሲሉ አንባቢው ይህን ልዩነት ይዞ ማንበብ አለበት። የገቢ ድርሻና የትርፍ ድርሻ ለየብቻ ናቸው።

ከወረቀቱ ወደ እውነተኛው ዓለም እንሻገር። ባንኮክ፣ ሱኩምቪት በሚባለው ረጅም መንገድ ዳር፣ ቡምሩንግራድ የሚባል ሆስፒታል አለ። በ1980 (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ሲጀምር 200 አልጋ ነበረው። በጥር 1997 ትልቅ አዲስ ሕንጻ ከፈተ። ሕንጻው የታሰበው በዋናነት በዚያ ዘመን ኑሮው እየተሻሻለ ለነበረው የታይላንድ መካከለኛ መደብ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 2 ቀን 1997 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የታይላንድ መንግሥት የባትን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። ለአንድ ዶላር 25 ባት የነበረው በወራት ውስጥ ከ50 በላይ ሆነ። በዶላር የተበደሩ የግል ሆስፒታሎች ዕዳቸው በአንድ ሌሊት አበጠ፤ አዲሱ አልጋ የታሰበለት የባንኮክ ነዋሪ ደግሞ ሥራውን እያጣ ወደ መንግሥት ሆስፒታል ተመለሰ። ከላይ የሠራነው የኪሳራ ስሌት እዚህ ላይ በሥጋና በደም ቆሞ ይታያል፦ አዲስ ሕንጻ፣ ባዶ አልጋ፣ የሚቆጥር ወለድ።

መውጫው ከዚያው ከችግሩ ውስጥ ተገኘ። ባት ሲወድቅ የታይላንድ ሕክምና በዶላር ለሚከፍል ሰው ግማሽ ዋጋ ሆነ። ቡምሩንግራድ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። በ2001 ከመስከረም 11ዱ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ቪዛ ለአረቦች ሲጠብቅ፣ ቀድሞ ወደ አሜሪካ ሆስፒታሎች ይሄዱ የነበሩ የባሕረ ሰላጤው ታካሚዎች ባንኮክ ወረዱ። በ2002 ሆስፒታሉ ጄ ሲ አይ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት እውቅና አገኘ። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከውጭ ታካሚ የሚመጣ ነበር። ዛሬ ናና በሚባለው በዚያ ሰፈር ስትዘዋወሩ የአረብኛ ማስታወቂያ ከታይኛው እኩል ተሰቅሎ ታያላችሁ፤ እንጀራ የሚያቀርብ የሐበሻ ምግብ ቤትም አይጠፋም።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚወስደው «ምንዛሪ ሲወድቅ ሕክምና ቱሪዝም ይመጣል» የሚለውን ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1997 የኢንዶኔዢያ ሩፒያ ከባት የባሰ ወድቋል፤ የታመመ ግን ወደ ጃካርታ አልጎረፈም። ባንኮክ ከምንዛሪው ቀድማ የያዘችው ነገር ነበራት፦ አሜሪካና እንግሊዝ የሠለጠኑ ሐኪሞች፣ ከየአቅጣጫው አውሮፕላን የሚያርፍበት ከተማ፣ እንግዳ መቀበል የለመደ የሆቴል ሥራ። ምንዛሪው በሩን ከፈተ እንጂ ቤቱን አልሠራም።

ሌላው መታየት ያለበት የሚሸጠው ነገር ራሱ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ታካሚ የምርመራ ውጤቱን ስካን አድርጎ ወደ ሕንድ ሲልክ የሚመጣለትን ወረቀት እኛ ፕሮፎርማ እንለዋለን። አንዱን በቅርብ እንየው። ከላይ የበሽታው ስምና የታሰበው ሕክምና አለ። ቀጥሎ የዋጋ ግምት በዶላር፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ሳይሆን «ከዚህ እስከዚህ» የሚል ነው። ከዚያ በታች ሁለት መስመሮች አሉ፦ «ሆስፒታል ውስጥ የሚቆይበት ቀን» እና «ከሆስፒታል ውጭ በከተማው የሚቆይበት ቀን»። የመጀመሪያው 6 ወይም 7፣ ሁለተኛው 14 ወይም 20 ይሆናል። ከዚያ የሚያካትተው ተዘርዝሯል፦ ክፍል፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሐኪም ክፍያ፣ የተለመዱ መድኃኒቶች፣ የታካሚውና የአንድ አስታማሚ ምግብ። ከሥር በትንንሽ ፊደል የማያካትተው አለ፦ ውድ መድኃኒት፣ ደም፣ በአካል ውስጥ የሚቀመጥ ብረት፣ ከታሰበው በላይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል መቆየት።

ታካሚው ዓይኑ የሚያርፈው ዶላሩ ላይ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ዓይን ግን ሁለቱ የቀን መስመሮች ላይ ነው። ለምን? ጥቅሉ 9,000 ዶላር ነው እንበል። ታካሚው 6 ቀን ከተኛ አልጋው በቀን 1,500 ዶላር አስገባ። 9 ቀን ከተኛ 1,000 ብቻ ይሆናል። ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ማደንዘዣው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሾርባና የፋሻ ለውጥ ናቸው። ስለዚህ ታካሚው መቀመጥ እንደቻለ ከሆስፒታሉ ማዶ ወዳለው የእንግዳ ማረፊያ ይሸጋገርና ለክትትል እየተመላለሰ ይታያል፤ አልጋውን ሌላ ባለ 9,000 ዶላር ይተኛበታል። በትልልቆቹ ሆስፒታሎች ዙሪያ በወር የሚከራይ ክፍልና ማእድ ቤት ያለው ማረፊያ የሚበዛው፣ አንዳንዶቹም የሆስፒታሉ ራሱ ንብረት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ታካሚውን ለመግፋት ነው ብላችሁ ብቻ እንዳትይዙት፤ ሆስፒታል ውስጥ ሲቆዩ የሚይዝ ኢንፌክሽንም አለና ቶሎ መውጣቱ ለታካሚውም ይበጃል። ሁለቱ ጥቅሞች የሚገጥሙበት ቦታ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይገጥሙም። በኔ ግምት ታካሚው በዋጋው ከመከራከር «7ኛው ቀን ላይ ካልሻለኝስ ተጨማሪው በቀን ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ለብቻው የሚታይ ነው። የሚሄዱት ታካሚውና ለጋሹ ወንድም ወይም እኅት ናቸው፤ ሕንድ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ የአካል ልገሳ በሕግ የተገደበ ስለሆነ ዝምድናው በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ሁለት ሰው ይመረመራል፣ ሁለት ሰው ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል፣ ክትትሉም ሳምንታት ይወስዳል። ለሆስፒታሉ ከአንድ በሽታ የሁለት ሰው ምርመራ ገቢ ማለት ነው። ለቤተሰቡ ደግሞ ከአስታማሚው ጋር ሦስት ቲኬትና የከተማ ኪራይ።

ሕመምተኛው ወደ አንዱ ሆስፒታል የሚደርሰው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ማስታወቂያ የሚሠራውን ያህል ደላላ ይሠራል። አዲስ አበባ፣ ዳካ፣ ናይሮቢ፣ ሙስካት ውስጥ ለሆስፒታሎቹ ታካሚ የሚልኩ ቢሮዎች አሉ። ፕሮፎርማ ያስመጣሉ፣ የቪዛ ደብዳቤ ያስልካሉ፣ ቲኬት ይቆርጣሉ። ከታካሚው ምንም የማይቀበሉም አሉ፤ ክፍያቸውን ከሆስፒታሉ በኮሚሽን ያገኛሉ። በዚህ ላይ ክፋት አላይም፤ ቋንቋ ለማያውቅ ገበሬ አባት ይህ ሰው ዓይኑና ጆሮው ነው። ግን ሦስት ሆስፒታል ሲያቀርብ ቀድሞ ያስቀመጠው የትኛውን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሆነ ማሰብ ጥሩ ነው። ለሆስፒታሉ ደግሞ ኮሚሽኑ ከላይ ባደረግነው 400 ዶላር ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ደላሎቹ ሲጠነክሩ ያ ቁጥር ያድጋል፣ ትርፉ ያንሳል። ደላላ የማያስፈልገው ሆስፒታል በስሙ ብቻ የሚፈለግ ነው፤ ስም ለመሥራት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

ገቢ ተጻፈ ማለት ገንዘብ ገባ ማለት እንዳልሆነም መርሳት የለብንም። ከግል ታካሚ የግል ሆስፒታል ቅድሚያ ክፍያ ይይዛል፤ ብዙ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው ከፋዩ መንግሥት ሲሆን ነው። ከ2011ዱ አብዮት በኋላ የሊቢያ ባለሥልጣናት ቁስለኞቻቸውንና ሌሎች ታካሚዎችን በሺዎች እየቆጠሩ ወደ ዮርዳኖስ ላኩ። የአማን የግል ሆስፒታሎች አልጋቸው ሞላ፣ ነርስ ቀጠሩ፣ መድኃኒት በዱቤ ገዙ። ሒሳቡ ግን በሰዓቱ አልተከፈለም፤ በብዙ አሥር ሚሊዮን ዲናር የሚቆጠር ዕዳ ተከማችቶ ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ሙሉ አልጋ ይዞ ለደመወዝ መቸገር ማለት ይኼ ነው።

ወደ ሠራነው ስሌት አንዴ እንመለስ። 30ው የውጭ አልጋ በግማሽ ቢቀንስ ምን ይሆናል? 990,000 የነበረው 495,000 ይሆናል፤ ትርፉም ከ510,000 ወደ 15,000 ዶላር ይወርዳል። ከ150 የተኛ ሰው የጎደለው 15 ብቻ ነው፤ ትርፉ ግን ጠፋ ማለት ይቻላል። የውጭ ታካሚ ደግሞ ቀስ በቀስ አይቀንስም፤ በአንድ ፊርማ ይቆማል። በ2020 ድንበር ሲዘጋ የቡምሩንግራድ ገቢ በሲሶ ገደማ ወደቀ። በነሐሴ 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በባንግላዴሽ የሼክ ሐሲና መንግሥት ሲወድቅ ሕንድ ቪዛውን አጠበበች፤ በባንግላዴሽ ታካሚ የለመዱት የኮልካታ ሆስፒታሎች እንግዳ መቀበያቸው ጭር አለ። በሽታው አልቀነሰም፣ ሐኪሙ አልተቀየረም፣ ዋጋውም ያው ነው።

በዝግታ የሚመጣ መቀነስም አለ፤ እሱ ግን ደስ የሚል ነው። የላኪው አገር ሕክምናውን ራሱ ሲጀምር የተቀባዩ ገበያ ይጠባል። አቡ ዳቢ በ2015 የክሊቭላንድ ክሊኒክን ሆስፒታል ከፈተች። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሠራ፤ በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማእከልም ከ2009 ጀምሮ ሕፃናትን እያከመ ነው። እዚህ የዳነ አንድ ልጅ በሌላ አገር የሒሳብ መዝገብ ላይ የቀረ የአልጋ ቀን ነው።

እንግዲህ እኛስ ተቀባይ መሆን እንችላለን ወይ? ጥያቄው በየስብሰባው ይነሳል፤ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይነሳል፤ የባንኮክን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ማመሳሰሉ አይቀርምና። መነሻ አለን። ከሶማሌላንድ፣ ከጅቡቲ፣ ከደቡብ ሱዳን ለሕክምና አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ድሮም ነበረ፤ ክረምት ላይ ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው ዘመድ ጥርሱን እዚህ አሠርቶ ይመለሳል። የአየር መንገዱም ነገር አያሳስብም።

የሚያሳስበኝ ከስሌቱ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። ለውጭ ታካሚው ተለዋዋጭ ወጪ 400 ዶላር ያልነው ጓንቱንም መድኃኒቱንም አገሩ በሚሠራው ሆስፒታል ነው። ታይላንድ የጎማ ጓንት ለዓለም ትሸጣለች፤ ሕንድ መድኃኒቱንም የልብ ስቴንቱንም ራሷ ታመርታለች። እኛ ዘንድ አብዛኛው መድኃኒትና የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚገባው በዶላር ነው። ብር ሲወድቅ የሐኪሙ ደመወዝ በዶላር ሲታይ ይረክሳል፤ ጓንቱ ግን አይረክስም። ስለዚህ 400ውን 700 እናድርገውና ሌላውን ሁሉ እንዳለ እንተወው። ከ1,500 የሚተርፈው 800 ይሆናል፤ በ900 የአልጋ ቀን 720,000 ዶላር። ኪሳራው ሲሸፈን ትርፉ 240,000 ነው። መጀመሪያ 510,000 ነበር።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። ሆስፒታሉ ሳይከስር ሳያተርፍ ልክ ዜሮ ላይ እንዲቆም ስንት አልጋ በውጭ ታካሚ መሞላት አለበት? 480,000ን ለ1,100 ስታካፍሉ 436 የአልጋ ቀን ገደማ ታገኛላችሁ፤ 15 አልጋ ይበቃል ማለት ነው። ለ800 ስታካፍሉ 600 የአልጋ ቀን፣ 20 አልጋ ይሆናል። አሁን ደግሞ 700 ያልነውን ተለዋዋጭ ወጪ ራሳችሁ ቀይሩት፤ የምታውቁት የሆስፒታል ፋርማሲ ባለሙያ ካለ ከመደርደሪያው ላይ ካለው ስንቱ አገር ውስጥ እንደተመረተ ጠይቁና በዚያ ቁጥር ሥሩት።